ውሃ ልክ ስምንተኛ ክፍል ገባ

ሰውዬውን እናቱ ባወጣችለት ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ስትቆጣው። የቀረው ሰው፣ ከሲሚንቶ አቡኪው እስከ ግምጃ ቤት ኃላፊው ድረስ፣ ውሃ ልክ ይለዋል። ታናናሾቹ «ጋሽ» ይጨምሩበታል። ቅጽል ስሙን ያተረፈለት ከደረት ኪሱ የማይጠፋው መሣሪያ ነው፤ ጣት የምታክል ብልቃጥ፣ ውስጧ አረንጓዴ ፈሳሽ፣ በፈሳሹ ላይ አንዲት አረፋ። ወለል ላይ ያስቀምጣትና አረፋዋ ወዴት እንደሸሸች አይቶ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። ተናግሮ የተሳሳተበትን ቀን የሚያስታውስ የለም።

ሥራው የመታጠቢያ ቤት ወለል ማንጠፍ ነበር። ይህ ሥራ ቀላል የሚመስለው ውሃ ያቆረ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ካልሲው ላልራሰ ሰው ብቻ ነው። ወለሉ ለዓይን ሜዳ፣ ለውሃ ግን ቁልቁለት መሆን አለበት። ከበሩ ሥር ይነሳል፣ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲም ያህል እያጎነበሰ ይወርዳል፣ ከፍሳሹ ቀዳዳ አፍ ላይ ያርፋል። ሠራተኛው ይህን ማጎንበስ «ስሎፕ» ይለዋል። ውሃ ልክ ከአጎቱ ጋር ድንጋይ ማቀበል ከጀመረበት ዕድሜ አንስቶ ጥርሱን ነቅሎ ያደገው በስሎፕ ላይ ነው። አጎቱ ጋ የሄደውም ወዶ ሳይሆን የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ወድቆ ነበር።

እሱ የሚሠራበት የሕንፃ ድርጅት፣ የቀድሞው ፎርማን ጡረታ ሲወጣ፣ ውሃ ልክን «ለጊዜው» በቦታው አስቀመጠው። ደብዳቤው ላይ «ተጠባባቂ ፎርማን» ይላል። ውሃ ልክም እንደተባለው ተጠባበቀ። ሰባት ዓመት ተጠባበቀ። ሰው ቀጠረ፣ ሰው አስታረቀ፣ ዝናብ ሲመጣ ሲሚንቶ አሸሸ፣ ስድስት ሕንፃ አስረከበ። በስምንተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ማስታወቂያ መጥቶ በሳይቱ ቢሮ በር ላይ ተለጠፈ፦ ፎርማን የሚሆን ሰው ቢያንስ ስምንተኛ ክፍልን ያጠናቀቀ መሆን አለበት፤ ማስረጃ የሌለው ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል፤ ለመማር የተመዘገበ ግን ውጤቱ እስኪመጣ ባለበት ይቆያል።

ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱ ጠምሞ ተለጥፎ ስለነበር አስተካክሎ ለጠፈው።

«ታዲያ ተመዝገባ» አለችው ሚስቱ። ልብስ ሰፊ ነች፤ ሱቋ ራሳቸው ከሚኖሩበት ሕንፃ ሥር፣ ከመንገዱ ላይ ነው። እነሱ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«በሃምሳ አራት ዓመቴ?»

«ባትማርስ ሃምሳ አምስት መሙላትህ ይቀራል እንዴ?»

በማግስቱ ተመዘገበ።

ትምህርቱ የሚሰጠው በየቅዳሜው ጠዋት በአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነበር። ወንበሮቹ ለሕፃናት የተሠሩ ስለሆኑ የጎልማሶቹ ጉልበት ጆሯቸው ሥር ይደርስ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌር አለ፣ የሆስፒታል አስታማሚ አለች፣ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች አሉ፣ ሁሉም ማስታወቂያ ያሳደዳቸው ናቸው። የሒሳብ አስተማሪዋ ሃያ ሰባት ዓመት ያልሞላት፣ ድምጿ ቀጭን፣ ጠመኔዋ ግን ኃይለኛ የሆነች ልጅ ነበረች። እሷ ለሽበቱ ብላ ውሃ ልክን አንቱ ትለዋለች፤ እሱ ለጠመኔዋ ብሎ አንቱ ይላታል። አንቱ ለአንቱ ተባብለው እስከ ስምንተኛው ሳምንት በሰላም ዘለቁ። ክፍልፋዩን ቻለው። መቶኛውን ቻለው። በስምንተኛው ቅዳሜ አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ አንድ የቆመና አንድ የተጋደመ መስመር አቋረጠችና፣ «ዛሬ ነጥብና ስሎፕ ሲሰጠን ቀጥተኛ መስመር እንዴት እንደምንሠራ እናያለን» አለች።

ውሃ ልክ ቀና አለ። ሰው በባዕድ አገር ገበያ መሐል ስሙ ሲጠራ የሚሰማውን ዓይነት ነገር ተሰማው። ስሎፕ አለች። አጠገቡ ወዳለው ሾፌር ጠጋ ብሎ፣ «ይሄን እንኳ ለኔ ተወው» አለው።

አስተማሪዋ አስረዳች። መጀመሪያ የተሰጠችውን ነጥብ ፈልጎ ማስቀመጥ ነው፤ አንድ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ላይ፣ እዚያ ላይ ነጥብ። ከዚያ ስሎፑን ማየት ነው። ሁለት ሦስተኛ ከሆነ የታችኛው ቁጥር ወደ ቀኝ የምንሄደው፣ የላይኛው ከፍ ወይም ዝቅ የምንለው ነው። እዚያ ሁለተኛ ነጥብ። ሁለቱን በማስመሪያ ማገናኘት፤ አለቀ። ስታስረዳ ውሃ ልክ ግማሹን አልሰማም፤ ማስመሪያውን እየወለወለ ነበር። ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲነግሩት መቼ ይሰማል።

አሥር ጥያቄ ተሰጠ። ከሁሉ ቀድሞ ጨረሰ። መስመሮቹ ለዓይን የሚያምሩ፣ ከነጥብ እስከ ነጥብ ፀጉር የማያዛንፉ ነበሩ። አስተማሪዋ ደብተሩን አየች፤ አገላበጠች፤ እንደገና አየች።

«ጋሼ፣ ከአሥር አንድ አግኝተዋል።»

«አንድ ነው የሳትኩት?»

«አንድ ነው ያገኙት።»

ያገኛት አንዷ ስሎፗ ዜሮ የሆነችው፣ ከዳር እስከ ዳር ተጋድማ የምትሄደው ነበረች። በሷም ጎን በእርሳስ «እዚህ ውሃ ያቁራል» ብሎ ጽፎባታል።

ዘጠኙን እንዴት እንደሳተ ለማወቅ አስተማሪዋ አጠገቡ ያለችው ትንሽ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ሳቋን ለመቆጣጠር ጠመኔዋን ጨበጠች። መውጣት ያለበትን መስመር ሁሉ አውርዶታል። መውረድ ያለበትን ሁሉ አውጥቶታል።

«ለምንድነው ሁለት ወደ ታች የወረዱት?»

«ስሎፕ ነዋ ያሉት። ከነጥቡ ተነስቶ ካልወረደ ምኑን ስሎፕ ሆነ? ውሃው ወዴት ይሂድ?»

«የምን ውሃ?»

«የወለሉ።»

«ወለል የለም ጋሼ። እሺ፣ ይቺኛዋ ግን ተቀናሽ ሁለት ሦስተኛ ናት። መውረድ ነበረባት። ለምን አወጧት?»

«ተቀናሽ ማለት የተበላሸ ስሎፕ መስሎኝ» አለ ውሃ ልክ። «ከቀዳዳው ወደ በሩ የሚመልስ።»

አስተማሪዋ ዘጠኙን መስመሮች በጠመኔዋ ጫፍ አንድ በአንድ ተከተለች። «ጋሼ» አለች በመጨረሻ፣ «ሁሉንም በትክክል ነው የተሳሳቱት።»

ወደ ቤቱ ሲሄድ በመንገድ ላይ ሰላምታ የሰጠውን ሰው አላየም። በክፍልፋይ ቢወድቅ ኖሮ ግድ አልነበረውም፤ ከክፍልፋይ ጋር ዝምድና የለውም። በገዛ ስሎፑ መውደቅ ግን ዋናተኛ በባልዲ ውሃ እንደመስጠም ሆነበት። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘርግቶ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ፣ ከደረጃው ላይ የሚስቱ እግር ይሰማ ነበር፤ ሁለት እርምጃ፣ እረፍት፣ ሁለት እርምጃ፣ እረፍት። ቀኝ ጉልበቷን ካመማት ዓመታት አልፈዋል። ገብታ የጨርቅ ከረጢቷን ጣለች፣ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች፣ ከዚያ ፊቱን አየችው።

«ምነው፣ ሰው ሞተ?»

ነገራት። ለሷ ሲነግራት የራሱ ክርክር ይበልጥ ትክክል መሰለው፤ ውሃ ሽቅብ አይሄድም፣ ስለዚህ ስሎፕ ሽቅብ አይሄድም፣ ስለዚህ መጽሐፉ ተሳስቷል። ሚስቱ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችው። እሷም ትምህርት የተወችው ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ የተወችው ግን ወድቃ ሳይሆን አባቷ ስለታመመ ነው። ይህን ልዩነት በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ታነሳበት ነበር።

«በዚህ ዓለም ላይ የሚሄደው ውሃ ብቻ ነው?» አለችው።

«እንዴት ማለት?»

«እኔስ አልሄድም? ነጥቡ የሱቄ በር ነው በል። ከዚያ ተነስቼ አንድ ደረጃ ወደፊት እረግጣለሁ፣ አንድ ደረጃ ወደ ላይ እወጣለሁ። አንድ ወደፊት፣ አንድ ወደ ላይ። እዚህ እስክደርስ ድረስ። ይሄ መስመር አይደለም?»

«እሱማ ደረጃ ነው።»

«ደረጃስ ስሎፕ አይደለም? ይሄን ሁሉ ዓመት ስወጣ እያየህ አንተ የሚታይህ ቢፈስ ወዴት እንደሚሄድ ነው።»

ውሃ ልክ ተነሳ፣ ሜትሩን ከመሳቢያ አወጣ፣ ወደ ደረጃው ወጣና ተንበረከከ። የደረጃው መርገጫ ሠላሳ ሳንቲም፣ ከፍታው ሃያ። ሌላውን ለካ፤ ሠላሳ፣ ሃያ። ሠላሳ ወደፊት፣ ሃያ ወደ ላይ። ሁለት ሦስተኛ። አስተማሪዋ የሰጠችው ሁለት ሦስተኛ፣ እሱ ቁልቁል የሰደደው፣ በገዛ በሩ ሥር ተዘርግቶ ሲረግጠው ኖሯል። አርባ ስምንቱንም ደረጃ እየቆጠረ ወረደ፤ ከሱቁ በር ፊት ቆሞ ሽቅብ አየ፤ መስመሩ ታየው። ነጥቡ እዚህ፣ ስሎፑ ሁለት ሦስተኛ፣ ሽቅብ። እሷ ስትወርድ ደግሞ ተቀናሽ።

ተመልሶ ሲወጣ ግን አንድ ሌላ ነገር ከነከነው። ግንበኛ ነውና፣ የደረጃ ከፍታ ከአሥራ ሰባት ሳንቲም መብለጥ እንደሌለበት ያውቃል። ሃያ ሳንቲም የተሠራው ቦታ ለመቆጠብ ነው። ሚስቱ ስለ ጉልበቷ ባነሳች ቁጥር «ዕድሜ ነው» ይላት ነበር።

«ጉልበትሽ አይደለም» አላት እንደገባ። «ደረጃው ነው ከልክ በላይ የቆመው።»

«ጉልበቴም ነው» አለች። «አንተ ግን ሜትር ሳትይዝ የተነገረህን ብታምን ጥሩ ነበር።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥሩንም አገኘ። አስተማሪዋ «ማን አስረዳዎት?» ስትለው «ልብስ ሰፊ» አላት። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገራት። አስተማሪዋ ከት ብላ ሳቀችና «ያቺን ልብስ ሰፊ ይዘዋት ይምጡ» አለች። ለቀልድ ያለችው ነበር። ሚስቱ ግን ከዚያ በሦስተኛው ቅዳሜ ሱቋን እስከ ቀትር ዘግታ፣ ደብተር ሸፍና፣ ከፊት ረድፍ ተቀመጠች። ባሏ ምን ልትሠሪ ነው ሲላት፣ «አንተ ብቻህን ከምትወድቅ» ብላ ዘጋችው። የስምንተኛን ፈተና በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ ሦስት ወንበር ተራርቀው ተፈተኑ።

ውጤቱ ሁለት ወር ይቆያል ተባለ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ነው የክሊኒኩ ነገር የመጣው።

ውሃ ልክ በተጠባባቂነት የሚመራው ሳይት አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነበር። ሕንፃው አልቆ የቀረው በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሕመምተኛ የሚገባበት ዘቅዛቃ መወጣጫ ብቻ ነው። ፕላኑን ይዞ የመጣው ወጣቱ ኢንጂነር ነው፤ ጫማው ንጹሕ፣ ስልኩ ሁልጊዜ ጆሮው ላይ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ልጅ። ፕላኑ መወጣጫው ከውጭው በር ሥር ተነስቶ፣ አሥራ ሁለት ወደፊት በሄደ ቁጥር አንድ ወደ ላይ እየወጣ፣ የክሊኒኩን ደፍ እንዲያገኝ ያዛል። ውሃ ልክ እንደ ልማዱ ቀድሞ ለካ። ከውጭው በር እስከ ደፉ አምስት ሜትር ከአርባ። የደፉ ከፍታ ስልሳ ሳንቲም። ፕላኑ ላይ ግን አርባ አምስት ይላል። መጀመሪያ የታሰበው አርባ አምስት ነበር፤ በኋላ መሠረቱ ከፍ እንዲል ተወሰነ፤ ውሳኔውን ለሁሉም ሰው ነገሩ፣ ለፕላኑ የነገረው ግን የለም።

ድሮ ቢሆን «አይደርስም» ብሎ ዝም ይል ነበር። አሁን ግን የተማረ ሰው ነውና ባለ አራት ማዕዘን ሰረዝ ደብተሩን አወጣ። አንዱን ሣጥን አሥራ አምስት ሳንቲም አደረገው። ከማዕዘኑ ላይ ነጥብ፤ ይህ የውጭው በር ነው። አሥራ ሁለት ሣጥን ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ላይ፤ ነጥብ። አሥራ ሁለት፣ አንድ፤ ነጥብ። አሥራ ሁለት፣ አንድ፤ ነጥብ። ሠላሳ ስድስት ሣጥን፤ እዚህ ደፉ አለ። መስመሩ ሦስተኛው ሣጥን ላይ ነው፤ ደፉ አራተኛው ላይ። በማስመሪያ አገናኝቶ ለኢንጂነሩ ወሰደለት።

«ኢንጂነር፣ መስመሩ ደፉን አያገኘውም። በአሥራ አምስት ሳንቲም ከሥሩ ይቀራል። አንድ ጊዜ አጥፈን፣ ርዝመቱን ሰባት ሜትር ከሃያ እናድርገው።»

ኢንጂነሩ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ደብተሩን አየ። «ቆንጆ ነው የሠሩት ጋሼ። ግን ይሄን እኮ ኮምፒውተር ነው ያወጣው።»

«ኮምፒውተሩ ሳይቱ ላይ መጥቶ ለካው?»

«ፊርማ ያለበት ፕላኑ ላይ ነው። ፕላኑን ለመቀየር ሦስት ወር ይፈጃል፣ ርክክቡ ደግሞ በሁለት ሳምንት ነው። እንደ ፕላኑ ይሥሩ።»

ውሃ ልክ ደብተሩን ዘጋ። ቀኑንና ሰዓቱን ግን ከመስመሩ ሥር ጽፎ ነበር የዘጋው። እንደ ፕላኑ ሠሩ። ሰው እያወቀ ሲሳሳት እጁ እንዴት እንደሚከብደው ያኔ አወቀ፤ በሕይወቱ እንደዚያ የለሰለሰ ሊሾ አላነጠፈም።

በርክክቡ ቀን የክሊኒኩ ኃላፊ አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ ወንበር አስቀምጣ መጣች። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ኢንጂነሩ፣ ሁለት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። አንድ አስታማሚ ወንበሩን ገፋ። ወንበሩ እንደ ቅቤ ወጣ፣ ወጣ፣ ከደፉ ሥር ደረሰና ቆመ። ከፊቱ አሥራ አምስት ሳንቲም የሚቆም እርከን ነበር። አስታማሚው ትንሽ ገፋ አደረገ፤ ተወ። ፎቶ አንሺዎቹ ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ።

አሮጊቷ ግራና ቀኙን አዩ። «እስከዚህ ድረስ በጣም ጥሩ ነው» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። የተጻፈው ሪፖርት አጭር ነበር፤ ስህተቱ የደረሰው ሳይቱ ማስረጃ በሌለው ሰው በመመራቱ ነው ይላል። ኢንጂነሩ ጠረጴዛውን እያየ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ «የምትለው አለህ?» ሲለው ውሃ ልክ ደብተሩን ገልጦ ከፊቱ አስቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አደረገ። ነጥቡን አየ፣ መስመሩን በጣቱ ተከተለ፣ ደፉን አየ፣ ቀኑን አነበበ።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ለኢንጂነሩ አሳይተኸው ነበር?»

ውሃ ልክ መልስ ከመስጠቱ በፊት ኢንጂነሩ ቀና አለ። «አሳይተውኛል» አለ። «እኔ ነኝ እንደ ፕላኑ ይሠራ ያልኩት።»

ሥራ አስኪያጁ ደብተሩን እንደያዘ መነጽሩን አወለቀ። ፍትሐዊ ሰው ነበር፤ እውነቱ ሲታየው ዓይኑን አይጨፍንም። «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለው።

«ስምንተኛ። ውጤት እየጠበቅሁ ነው።»

«አያችሁ?» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ስብሰባው ዞሮ። «ትምህርት ማለት ይሄ ነው። ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ይሄን ካየ፣ ከዚያ በላይ የተማረማ ምን ያላየው ነገር ይኖራል?» ንግግሩ ራሱን እያሞቀው ሄደ፤ ስብሰባውም ራሱን ነቀነቀ። ውሃ ልክ ነገሩ ወዴት እያዘነበለ እንደሆነ ቀድሞ ገብቶት ነበር፤ ሰው እያመሰገነው ስለሆነ ግን ማቋረጥ ነውር መሰለው።

በማግስቱ በቢሮው በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከክሊኒኩ የተገኘውን ትምህርት መሠረት በማድረግ የፎርማን መመዘኛ ከስምንተኛ ወደ አሥረኛ ክፍል ከፍ ብሏል። ኢንጂነሩ ስለ መወጣጫዎች ለሚሰጥ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ተላከ። ውሃ ልክ ምስጋና ተሰጠው፣ በጽሑፍ፣ በተጠባባቂነቱ። መወጣጫውንም አፍርሶ፣ አንድ ጊዜ አጥፎ፣ በሰባት ሜትር ከሃያ እንዲሠራው ታዘዘ። ሠራው። ወንበሩ ያለ አንዳች ግጭት ገባ፤ ያን ቀን ግን ፎቶ አንሺ አልመጣም።

ኢንጂነሩ ከሥልጠናው እንደተመለሰ በቀጥታ ወደ ሳይቱ መጣ። «ጋሼ» አለ፣ «እዚያ የመጀመሪያው ቀን ያስተማሩን ያንኑ የእርስዎን ሥዕል ነው።»

«ሁለተኛውስ ቀን?»

«ሁለተኛውም ቀን።»

አብረው ሳቁ። ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ውሃ ልክ ቂም የሚይዝ ሰው አልነበረም፣ ልጁም በስብሰባ መሐል ራሱን ያጋለጠ ልጅ ነው።

ውጤቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ውሃ ልክ ስልሳ አንድ አምጥቶ አለፈ። ሚስቱ ሰማንያ ስምንት። አስተማሪዋ ሁለቱንም ወረቀት ስትሰጣቸው የሚስትየውን በሁለት እጇ ነው የሰጠቻት። ሚስት ደረጃውን ስትወጣ በየእረፍቱ ወረቀቷን አውጥታ ታይ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እረፍቱ በዝቷል።

ለዘጠነኛ ክፍል ሊመዘገቡ አብረው ሄዱ። ውሃ ልክ መንገዱን ሁሉ እያጉረመረመ ነበር የሄደው፤ «ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው» ይል ነበር፣ «አሥረኛን ስጨርስ አሥራ ሁለተኛ ይሉኛል፣ አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ጡረታ ይሉኛል።» ሚስቱ አልተቃወመችውም፤ ልክ እንደሚሆን ታውቃለች። የመዝጋቢው ክፍል ጠባብ ነበር፤ መዝጋቢው ቅጽ ሲሰጣቸው በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፈው ሞሉ። ከቅጹ ግርጌ «ለመማር የተነሳሱበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ፣ ከሥሩም ሦስት ሣጥን፦ ለሥራ ዕድገት፣ በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ፣ ሌላ።

ውሃ ልክ እርሳሱን አንስቶ ከትእዛዙና ከዕድገቱ መሐል ያመነታ ጀመር። ትእዛዝ ነው እንዳይል ማንም ተማር ብሎ አላዘዘውም፤ ዕድገት ነው እንዳይል የዕድገቱን ነገር አይቶታል። ከጎኑ ወዳለው ቅጽ በዓይኑ አሾለቀ። ሚስቱ ሦስተኛዋን ሣጥን ምልክት አድርጋ ጨርሳ መጽሐፉ መቼ እንደሚታደል መዝጋቢውን እየጠየቀች ነበር።

እሱም ሦስተኛዋን ምልክት አደረገ።